የሰኞው ቅጂ

ባሌ እኔን ሳይጠይቅ ከድምፅ መቅጃ ማሽኑ ላይ አንዲት ነገር አጥፍቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን። ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፍና ዞር እንኳ ሳይል «ላጥፋ?» ይለኛል። እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ ወይ «አጥፋ» ወይ «ቆይ እስቲ» እለዋለሁ። ልማዱን ያመጣሁት እኔው ነኝ። በተጋባን በዓመቱ የአንድ ሰውዬ ኮት እጅጌ በደንብ ሳልለካ ቆርጬ ጉድ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ መቀስ ከመክፈቴ በፊት «ልቁረጥ?» እያልኩ እሱን እጠይቅ ጀመር፤ እሱም በተራው እኔን። እሱ ስለ ኮት ምንም አያውቅም፣ እኔም ስለ ማሽኑ ብዙ አላውቅም ነበር። ግን ሰው ሲጠይቅ እጁ ትንሽ ይዘገያል። የፈለግነው ያቺኑ ትንሽ መዘግየት ነው።

ሰፈሩ ባሌን «ባለ ስምንቱ» ይለዋል። ስምንት ልጅ ያለው የሚመስላቸው አሉ፤ ለእኛ እግዜር እንኳን ስምንት አንድም አልሰጠንም። ስምንቱ የማሽኑ ትራኮች ናቸው። ማሽኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፣ በትከሻ ቦርሳ ተይዞ ይዞራል። ሆዱ ግን ስምንት ክፍል አለው፤ ከበሮውን በአንዱ፣ ቤዙን በሌላው፣ ዘፋኙን በሦስተኛው ለየብቻ ያስተኛቸዋል። ከዚያ ባሌ ተንሸራታች ቁልፎቹን አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረገ፣ አንተ ጩህ አንተ ዝም በል እያለ፣ አንድ ዘፈን አድርጎ ያወጣቸዋል። እነሱ ሚክስ ይሉታል። ለእኔ ልብስ መገጣጠም ነው። እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ ተቆርጦ፣ መጨረሻ ላይ ሰው የሚለብሰው ነገር ይሆናል።

የምንኖረው በሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእኔ ስፌት ቤትም የእሱ ስቱዲዮም ነው። ሊቀዳ ሲል ፍራሻችንን ከአልጋ አንስቶ መስኮቱ ላይ ያቆመዋል፣ የደንበኞቼን ኮትና ቀሚስ ድምፅ እንዲውጥለት ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፣ እኔን ደግሞ «መኪናሽን አቁሚ» ይለኛል። አቁሜ የእጅ ስፌት እይዛለሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ መጥታ ከበሮ መቺ ጀርባ ተሰቅሎ ብታገኘው ልትደበድበን ነበር።

ችግራችን ካርዱ ነው። ማሽኑ ስላረጀ የሚቀበለው አንድ ዓይነት ትንሽ ካርድ ብቻ ነው፤ ያ ካርድ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ሦስት ነበሩን፣ ሁለቱ ሞቱ። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ደንበኛው ያለቀለትን ዘፈን ገልብጦ ይወስዳል፣ የቀረው ሁሉ፣ ስህተቱ፣ ሳሉ፣ ወሬው፣ «ላጥፋ?» ተብሎ ይጠፋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፤ እኔ ግን ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የማስበው የባሌን ጆሮ ነው። ጉልምስናውን በሙሉ ቤዝ ሲመታ ከቁመቱ የሚበልጥ ስፒከር አጠገብ ቆሞ ነው የኖረው። ያን ጊዜ ማን ጆሮ ያልቃል ብሎ አሰበ? መጀመሪያ የጠፋበት የማንቆርቆሪያው ፉጨት ነው። ውሃው ፈልቶ እሪ ይላል፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ቀጥሎ የሰዓቱ ደወል ጠፋ። ከዚያ የመኪናዬ ፔዳል ሲጢጥ ማለቱ ጠፋበትና «ዘይት አደረግሽለት እንዴ?» አለኝ። ዘይት ካየ ወር አልፎት ነበር። ወሬ ይሰማል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፣ ቤዝማ በእግሩ ሁሉ ይሰማል። የሄደበት ከላይ ያለው ቀጭን ቀጭኑ ነው፤ ወፉ፣ ፉጨቱ፣ የሰው ድምፅ ጫፍ ላይ ያለችው ሹክሹክታ።

እሱ አላወቀም። የቀጠነው ሁሉ ስለራቀው ማሽኑ ላይ ቀጭኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ሲያደርገው እኛ ጆሮ ላይ ይጮሃል። አንድ የመዘምራን አሠልጣኝ እሱ በሌለበት መጥተው፣

«እመቤት፣ አይቀየሙኝና ባለቤትዎ ያወጣው ዘፈን ውስጥ ልጆቼ ሁሉ ምላጭ ጎርሰው የሚዘምሩ ነው የሚመስሉት» አሉኝ።

ሲመለስ ምን አልኩት? «ሰውዬው መጥቶ ነበር፣ በጣም ወዶታል።» ሌላው ሲያማርር «ምቀኛ ነው፣ ተወው» አልኩ። እሱ ራሱ ሄድፎኑን አውልቆ «እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ የጆሮዬ ግድግዳ እየተፋቀ «ጥሩ ነው» አልኩ። ለአናጢ እጅህ ተቆርጧል ብሎ መንገር የሚችል ካለ እሱ ይፍረድብኝ። ሌላ ሙያ የለውም፣ ሌላ ደስታም የለውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም። ሁለት ዓመት ተሸከምኩት።

እንዲህ እያለን ነው እትዬ የታመሙት።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው የሞቱት እሱ ጡት ሳይጥል ነው፤ ያሳደጉት እሳቸው፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው። የሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጉት፣ በኋላም አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብተው እስኪያረጁ አጠቡ። ሲያጠቡ ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ለስላሳ አይደለም፤ ሻካራ ነው፣ ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ጨርቅ ማጠቢያ ሰሌዳ ላይ ሲፋቅ እንደሚሰማው ዓይነት ነገር አለው። ግን አንዴ ከጀመሩ ሰው እቃውን አስቀምጦ ነው የሚሰማቸው። ባሌ ለመቅዳት ስንት ዓመት ለመናቸው! «ድምፄን ሳጥን ውስጥ ከትቼ የት ልደርስ ነው? ስሞት ትሰማለህ» እያሉ ይስቁበታል። ሳቃቸውም እንደ ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ከጀመረ አያቆምም።

ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነበር። ጉሮሮ ውስጥ ያለው ካንሰር ነው፣ ሐሙስ ማንቁርቱ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በአንገታቸው ቀዳዳ ይተነፍሳሉ እንጂ ድምፅ አይኖራቸውም። እትዬ ከሆስፒታሉ ደጅ ወጥተው ታክሲ እስኪመጣ ቆሙና፣

«በል እንግዲህ፣ ያንን ሳጥንህን አዘጋጅ» አሉት።

ያን ዕለት ዓርብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፍራሹ መስኮት ላይ ቆመ፣ ኮቶቹ ተሰቀሉ። እትዬን የእኔ የስፌት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፣ ማይኩ ፊታቸው ተደረገ። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አዳፕተር ከተቃጠለ ሰንብቶ ስለነበር ባሌ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ከጀርባው ከተተለት። ዘፈኑ የታወቀ ዘፈን አይደለም፤ እሱን አዝለው ሲያጥቡ ራሳቸው የገጠሙት ነው።

*ነጭ ሆነህ ሳይህ ተሰጥተህ ፀሐይ ላይ፣*
*እጄ ያለቀው ባንተ አይደለም ወይ?*

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ባሌን አዩት። ዓይኑ ማሽኑ ላይ፣ ምላሱ ከከንፈሩ ወጥቶ፣ እጁ በአየር ላይ ቀርቷል።

«ኧረ ምላስህን ክተት አንተ ጢንዚዛ!» አሉና ሳቁ።

ጢንዚዛ ሲያሳድጉት ያወጡለት ስም ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር መሰለኝ እንዲህ ብለው ከጠሩት። ከዚያማ ማን ያቁማቸው?

«አንተኮ የልብስ ገንዳዬ ዙሪያ ዝዝዝ እያልክ ስትዞር ነበር የምትውለው። አንድ ቀን ዘወር ስል የለህም። ጢንዚዛ! ጢንዚዛ! ብል ማን ወይ ይበለኝ? ገንዳው ውስጥ እጄን ብከት አንሶላ መስሎኝ የሳብኩት አንተ ነህ! አረፋ በአረፋ ሆነህ! እንደው በድንጋጤ እኮ ጠምዝዤ ላሰጣህ ነበር!»

እሱም ሳቀ፣ እኔም መርፌዬን ጥዬ ሳቅኩ። ደግሞ ሌላ ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ጊታር ለመግዛት የሠረቃቸውን አንሶላ፣ እሳቸው አውቀው ዝም እንዳሉት። እሱ ይህን እስከዚያን ቀን አያውቅም ነበር። «አውቀሽ ነበር?» ሲላቸው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ ያላወቅኩልህ ምን አለ?» አሉት። ደግመው ሊዘፍኑ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የማሽኑ መብራት ደከመ፣ ባትሪው አለቀና ቀጥ አለ።

«ምንም ያልተሠራበት ቀን» ብሎ ባሌ ተበሳጨ። ካርዱ ላይ የቀረው ግማሽ ዘፈን፣ ሳል፣ ሳቅና ወሬ ነበር።

ማክሰኞ አዳፕተር ፍለጋ ወጣ። ሳይመሽ አንድ ይዞ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ሰካው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«አየሽ፣ እንዴት ጸጥ ያለ እቃ ነው! ያ የተቃጠለው ይነፋነፍ ነበር።»

እኔ ከክፍሉ ማዶ ሆኜ ይሰማኛል። ትንኝ ነው የሚመስለው። ጆሮ አጠገብ እንዳለች ትንኝ ቀጭን ሆኖ ይጮሃል፣ አንዳንዴ ወጣ ወረድ ይላል። መጋረጃ እየሰበሰብኩ ነበር፣ መሰብሰቤን ቀጠልኩ። ግድግዳው ላይ ያለ እቃ ቢጮህ ዘፈኑን ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ይህን ያልኩት ራሴን ለማሳመን ይሁን ወይም እውነት መስሎኝ አላውቅም።

ረቡዕ እትዬ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ነገ ሐሙስ ነው። አልሳቁም፣ አላወሩም፣ ሻሹን አጥብቀው አስረው ተቀመጡ። ባሌ በእጁ ምልክት ሲሰጣቸው ጀመሩ፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆሙ ዘፈኑት። ደገሙት። ሠለሱት። እኔ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር አልሰማሁም። ያ ሻካራው ነገር፣ ያ ትንፋሹ፣ እያንዳንዱ ቃል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሲጨርሱ ተነሡ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ «በቃ?» አሉ። «በቃ» አላቸው። ግንባሩን ሳሙት፣ ወጡ።

ባሌ ሄድፎኑን አድርጎ ከመጀመሪያው አዳመጠ። ሲያወልቀው ፊቱ በእንባ ርሷል።

«በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ነገር ይሄ ነው» አለኝ። «እንኪ ስሚ።»

አደረግኩት። መጀመሪያ የመጣችው ትንኟ ናት። እትዬ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ ነበረች፤ ሲዘፍኑ ከድምፃቸው በላይ ቁጭ ብላለች፤ ትንፋሽ ሲወስዱ ብቻዋን ትሰማለች።  ከቤቱ የሚመጣ ነው ወይስ ከውስጥ? ሄድፎኑን አውልቄ ማዳመጥ ነበረብኝ። ወይም «አንድ ትንሽ የሚጮህ ነገር አለ» ማለት። አምስት ቃል። ግን አምስቱን ቃል ካልኩት ስድስተኛውን ይጠይቀኛል፤ «እኔን ለምን አልተሰማኝም?» ይለኛል። ነገ እህቱን ወደ ቢላዋ ሊወስድ የተዘጋጀ ሰው ነው። ዛሬ ጆሮህም የለም ልበለው?

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም።»

«አምሯል አይደል?»

«አምሯል።»

ወደ ማሽኑ ዞረ። «ካርዱ ሞልቷል። የሰኞው ነው የያዘው፣ እሱ ደግሞ ሳልና ወሬ ብቻ ነው። ቤዝና ከበሮ የምጨምርበት ቦታ እፈልጋለሁ።» ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። «ላጥፋ?»

ያቺ ትንሽ መዘግየት ያን ዕለትም መጣች። ስለ ሰኞው አላሰብኩም። እውነቴን ነው፣ ስለ ሰኞው አንድም ነገር አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ይህ ወሬ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ነው።

«አጥፋ» አልኩት።

ሐሙስ ሐኪሞቹ ያሉትን አደረጉ። እትዬ በሕይወት ወጡ፤ እግዜርን እናመሰግናለን።

ባሌ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሚክስ ያደርግ ጀመር። ቤዙን ራሱ መታ፣ በሁለት ጣቱ ካርቶን እየደበደበ ከበሮ ሠራ። ከዚያ የእትዬን ድምፅ ትራክ ይዞ ቀጭኑን ከፍ ማድረግ ቀጠለ። «ትንፋሿ ይምጣልኝ፣ ትንፋሿ ጠፍቶብኛል» እያለ ቁልፉን ያዞራል። ባዞረው ቁጥር ትንኟ ታድጋለች። እኔ መኪናዬን ደጅ አውጥቼ መስፋት ጀመርኩ፤ ለብርሃን ነው አልኩት።

ሁለተኛው እሑድ ጠዋት ጠራኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

ፍራሹ ከመስኮቱ ተነሥቷል። ባሌ ማሽኑ ላይ አጎንብሷል፣ ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነው። ማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ ትራክ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ድምፅ ካለ ይበራሉ፣ ከሌለ ይጠፋሉ። ማንም ሊዋሻቸው አይችልም።

«ይህን እዪ» አለኝ። «ገና አልጀመረችም። ዝም ብላለች። ሁሉንም ትራክ ዘግቻለሁ፣ የሷን ብቻ ነው የተውኩት። ለምንድን ነው ታች ያለችው መብራት የምትበራው?»

አየሁ። አንዲት አረንጓዴ መብራት፣ ቀጥ ብላ በርታለች።

«ድምፅ አለ እዚህ ውስጥ» አለ። ሄድፎኑን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠኝ። «እኔን ምንም አይሰማኝም። አንቺን ምን ይሰማሻል?»

አላደረግኩትም። ማድረግ አላስፈለገኝም፣ ከእጄ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር።

«ትንኝ» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ።»

ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ሌላውን ጠየቀኝ። «እኔስ? እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው የማልሰማው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

ቢጮህብኝ በወደድኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝም ያኔ ነበር ጊዜው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ይቆጥር ጀመር። የመዘምራኑን። የዓይነ ስውሩን ጊታር መቺ። የሁለቱን እህትማማቾች። በእኔ «ጥሩ ነው» ያወጣውን፣ በእኔ «አጥፋ» ያጠፋውን ሁሉ እያነሳ፣ «ያስ?» ይለኛል። «ያም» እላለሁ። ሲጨርስ፣

«ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ነው ስጠይቅ የኖርኩት» አለ።

ሄድፎኑን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። 

ከዚያ ሊጠግነው ሞከረ። የሙያ ሰው አይደል፣ ቤቱ ሲቃጠልም ጣሪያውን ይለካል። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ ይዞ «ሲጠፋልሽ ንገሪኝ። በእናትሽ አሁን እንኳ አትዋሺኝ» አለኝ። ሄድፎኑን አደረግኩ። እትዬ ይዘፍናሉ፣ ትንኟ ትጮሃለች። ቁልፉን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ። ትንኟ ራቀች፣ ሳሳች፣ ሄደች።

«ጠፋ» አልኩ።

«እሷስ?»

እሳቸው አልነበሩም። አንዲት ሴት ከግድግዳ ማዶ፣ ፊቷን በብርድ ልብስ ሸፍና ትዘፍናለች። ሻካራው የለም። ትንፋሹ የለም። ቃሉ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ተቆርጦ ሄዷል።

«እሷም ሄደች» አልኩት።

ሄድፎኑን ከራሴ ላይ ወስዶ አደረገ። ቁልፉን ወደ ቀኝ መለሰ፣ ወደ ግራ ወሰደ፣ ደግሞ መለሰ። ፊቱን አየዋለሁ። ምንም አልተለወጠም።

«ለኔ አንድ ነው» አለ። «በፊትም እንዲህ ነው፣ አሁንም እንዲህ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ያቺ በብርድ ልብስ የታፈነች ሴት፣ ባሌ የሚሰማት እትዬ እሷ ናት። ያን ረቡዕ «በሕይወቴ ትልቁ ነገር» ብሎ ያለቀሰው እሷን ሰምቶ ነው። እኔንም ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰማኝ እንዲሁ ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው፤ ግድግዳ ያለኝ ለካ ስድብ ብቻ አልነበረም። ገብቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ። አልቅሼ ስወጣ ቁልፉን አሁንም ወዲያና ወዲህ እያዞረው ነበር።

አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ዘንድም ወሰደው። ሰውዬው ግማሽ ቀን ታግሎ፣ ትንኟ ቀጥ ብላ ብትቆም ይዤ አወጣት ነበር፣ ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ወጣ ወረድ ስለምትል ከድምፃቸው ጋር ተሰፍታለች፣ ብተረትራት ጨርቁም አብሮ ይቀደዳል አለው። በእኔ ቋንቋ መናገሩ ነው። ባሌ ግን የሰማው «አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። ፍራሹን ወደ አልጋው መለሰው፣ ለደንበኞች ማሽኑ ተበላሽቷል አላቸው፣ አዳፕተሩን ግን ከግድግዳው አልነቀለም። ለእኔ ከ«ደኅና አደርሽ» በቀር ቃል አልነበረውም።  ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ያቺ ትንኝ ብቻ ነበረች፤ እሷንም የምሰማት እኔ ብቻ።

እትዬ በአራተኛው ሳምንት መጡ። ከስተዋል፣ አንገታቸው ላይ ስስ ጨርቅ ሸፍነዋል፣ ከጨርቁ ሥር ትንፋሻቸው ፉት ፉት ይላል። ደብተርና እርሳስ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። የስፌት ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ማሽኑን በእርሳሳቸው ጠቆሙ።

ባሌ መጀመሪያ ያሰማቸው የታፈነውን ነው። ከሁለቱ እሱ ይሻላል ብለን ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተስማማንበት ብቸኛ ነገር ነው። እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ ጻፉ፣ አዞሩለት።

«ይቺ ማናት?»

ባሌ ቁልፉን መለሰው፣ ያልተነካውን ከፈተ። እትዬ መጀመሪያ በእጃቸው ጆሯቸው አጠገብ አየሩን መቱ። ትንኝ መስሏቸው ነው። ዙሪያቸውን አዩ። ሁለተኛም መቱ። ከዚያ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ፤ ማሽኑን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። እሱ እጃቸውን እያየ አቀርቅሯል። እኚህ ሴት እሱን ያሳደጉ ናቸው፤ መስማት እንዳቃተው ማንም አልነገራቸውም፣ ግን ያን ደቂቃ ያወቁ ይመስለኛል። ተነሥተው ራሱን ዳሰሱት። ጆሮውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ፣ ለቀቁት።

ተመልሰው ተቀመጡና ብዙ ጻፉ። ሲጽፉ ፈገግ ይላሉ። ገጹን ቀደው ሰጡት።

ባሌ አነበበው። ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋልኝ። 

«ይሄን ተወው የኔ ጢንዚዛ። ዘፈን ሞልቷል። እኔ መስማት የምፈልገው የሰኞውን ነው። ገንዳ ውስጥ የገባኸውን ያወራሁበትን። እዚያ ውስጥ ሳቄ አለ። ሆስፒታል ተኝቼ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ሃያ ዓመት ሙሉ «ላጥፋ?» ሲለኝ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደ እኔ ላለችው ነው። እኔ የባሌን ልብ ልጠብቅ ብዬ የእትዬን ሳቅ ነው የጣልኩት። እሱ ለእህቱ «እሷ ናት» አላለም። ሊልም ይችል ነበር።

«እትዬ፣ የሰኞው የለም» አልኩ። «እሱ ጠይቆኝ ነበር። አጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። የስልሳ ዓመት ልማድ ነውና ረስተውት ነው፤ የወጣው በአንገታቸው በኩል አየር ብቻ ነው። አፋቸውን ዘጉ። እርሳሱን አነሡ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፣ ሳይጽፉበት አስቀመጡት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይንቀጠቀጣል፣ አያቆምም። አንድም ድምፅ የለም።

ባሌ ጎንበስ ብሎ አያቸው። እጃቸውን ከፊታቸው ሊያነሣ ሞክሮ ተወው። ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሁሉ በኋላም እኔን መጠየቅ አልተወም።

«ስሚያት እስቲ» አለኝ። «እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች?»

ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። ከጨርቁ ሥር ትንፋሻቸው ይመላለሳል። ከላይ ትንኟ ትጮሃለች።

«አላውቅም» አልኩት።